የጠፋ ስልክ ተስፋና አዲሱ ሌባ ሻይ

ስልክ የጠፋበት ሰው ከሩቅ ይታወቃል። መጀመሪያ የግራ ኪሱን ይዳብሳል፤ ቀጥሎ የቀኙን፤ ከዚያም የሌለ መሆኑን እያወቀ የግራውን እንደገና ይፈትሻል። ከወረደበት ታክሲ ኋላ ጥቂት ይሮጥና ይቆማል፤ ታክሲው ከሌሎቹ ሚኒባሶች ጋር ተደባልቋልና የቱ እንደ ሆነ አይለየውም። ከዚያ በአጠገቡ የቆመውን የማያውቀውን ሰው «እባክህ ወንድሜ፥ አንድ ጊዜ ብቻ ደውልልኝ» ብሎ ይለምናል። ስልኩ ይጠራል። ስልኩ በሚጠራበት በዚያች ቅጽበት ባለቤቱ የሚሰማውን ተስፋ ያልቀመሰ ሰው ሊያውቀው አይችልም። ሁለተኛ ሲደወል ግን ጥሪው ይቋረጣል፤ ሦስተኛ ሲደወል ደንበኛውን ለማግኘት እንደማይቻል የምትናገረው የለመድናት የሴት ድምፅ ትመጣለች።

ከዚያች ደቂቃ በኋላ ሰውየው ምን ያስባል? ወዴትስ ይሄዳል? የዛሬው ሐተታችን በዚህ ላይ ነው። ኪስን መጠበቅ እንደሚገባ ለመምከር አልተነሣንም፤ እሱን ምክር እናቶች ሁሉ ያለ ክፍያ ይሰጡታል። እኛ ለመነጋገር የምንፈልገው ዕቃው ከጠፋ በኋላ ስለሚመጣው ተስፋ ነው። ይህ ተስፋ አንዳንዱን ዕቃውን ያስመልስለታል፤ አንዳንዱን ያሞኘዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ፥ ወደ ፊት እንደምናየው፥ ነፍሰ ገዳይ እስከ ማድረግ አድርሶታል።

አስቀድመን የጠፋው ነገር ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ጉዳዩ የዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐዘኑ ይህን ያህል ባልበዛ ነበር፤ ምንም እንኳ ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ አንድ ደኅና ስልክ የወራት ደመወዝ የሚፈጅ ቢሆንም፥ ደመወዝ በየወሩ ይመጣል። የዛሬው የእጅ ስልክ ግን የገንዘብ ቦርሳ፥ የደብዳቤ ሣጥን፥ የፎቶግራፍ አልበምና የመታወቂያ ወረቀት በአንድ ላይ ሆኗል። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ፥ ከሰሌዳ ላይ በፎቶግራፍ ያነሣውን ትምህርት፥ እናቱ ከአገር ቤት በድምፅ የላኩለትን መልእክት ይዞበታል። የወጣቱ ሹም ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። «ለጊዜው ይሁን» ብሎ ፎቶግራፍ ያነሣው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፥ በቴሌግራም የተላከለት ያልጸደቀ ሰነድ፥ ቴሌብሩና የባንክ ሒሳቡ ሁሉ እዚያው ናቸው። ይህን ሁሉ በአንድ ኪስ ይዞ የሚዞር ሰው በጠፋበት ጊዜ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ደንግጦ ለሚያደርገው ነገር ግን ኀላፊው እሱ ነው።

የድሮ ሰዎችም ዕቃ ሲጠፋባቸው እንደ እኛው ይደነግጡ ነበር። ሌባ ሻይ ይባል የነበረውን ልማድ ከዛሬ ወጣቶች መካከል በስሙ እንኳ የሚያውቁት ጥቂቶች ሳይሆኑ አይቀሩም። ሻይ ማለት እዚህ ላይ ፈላጊ ማለት ነው እንጂ በስኳር የምንጠጣው ሻይ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ይህን ነገር እየተገረሙ ጽፈውታል። ዕቃ የጠፋበት ሰው ወደ ሌባ ሻዩ ሄዶ ያመለክታል። አንድ ልጅ ይመረጥና መድኀኒት የተቀላቀለበት መጠጥ ይሰጠዋል። ልጁም ራሱን ስቶ፥ ወገቡ በገመድ ታስሮ እየተያዘ፥ አንድ ጊዜ እየሮጠ አንድ ጊዜ እየተንፏቀቀ በመንደሩ ውስጥ ይዞራል። በመጨረሻ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባልና የጠፋውን ዕቃ እንዲከፍል ይገደዳል። ልጁ ከዚያ ቤት ለምን እንደ ገባ፥ በሩ ክፍት ስለ ሆነ ይሁን ወይም ደክሞት ይሁን፥ የሚጠይቅ አልነበረም። ከሳሹ ያጣውን አግኝቷል፤ ተመልካቹም ትርዒት አይቷል፤ የተጎዳው ባለቤቱ ብቻ ነበር። በኋላ ልማዱ በመንግሥት ተከልክሎ ቀረ።

ቀረ እንበል እንጂ መልኩን ለውጦ ተመልሷል። በዛሬው ጊዜ ልጁን የተካው በካርታ ላይ የምትታይ አንዲት ነጥብ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፕልም ሆነ ጉግል የጠፋ ስልክ ያለበትን ቦታ በሌላ ስልክ ወይም በኮምፒዩተር ለማየት የሚያስችል አገልግሎት አላቸው። ባለቤቱ በጓደኛው ስልክ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሲከፍት፥ የከተማው ካርታ ይዘረጋና ስልኩ ያለበት ቦታ በነጥብ ይታያል። ይህ ያለ ጥርጥር ድንቅ ሥራ ነው። ቤት ውስጥ ከፍራሽ ሥር የወደቀውንና በቢሮ መሳቢያ የተረሳውን ስልክ ድምፅ አሰምቶ ሲያስገኝ፥ ማንንም አይጎዳም። አደጋው የሚጀምረው ነጥቧ በሰው ቤት ላይ ስታርፍ ነው።

ስለዚህ ነጥቧ ከየት እንደምትመጣ ማወቅ ይገባል። ስልኩ ከምድር በላይ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት ይቀበላል፤ ቢያንስ የአራቱን ምልክት ሲያገኝ ያለበትን ቦታ ያሰላል። ሰማዩ በተገለጠበት ሜዳ ላይ ስሕተቱ ከአምስት ሜትር ገደማ አይበልጥም። ነገር ግን ሌባ ስልክ ይዞ ሜዳ ላይ አይቆምም። በሕንፃ መካከል ምልክቱ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ይመጣል፤ ቤት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይዳከማል፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ይጠፋል። በዚያን ጊዜ ስልኩ በአካባቢው ባለው ዋይፋይና በቴሌ ማማዎች ይገምታል። ግምቱ እየሰፋ በሄደ ቁጥር በነጥቧ ዙሪያ የሚታየው ክብ ይሰፋል። ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በነጥቧ ላይ ነው፤ ክቡን እንደ ጌጥ ያየዋል። ክቡ ግን «ስልኩ በዚህ ውስጥ በአንዱ ቦታ ሊኖር ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው።

ከዚህም በቀር ነጥቧ የቆየች ልትሆን ትችላለች። ስልኩ ከተዘጋ ብዙ ጊዜ የምታሳየው ከመዘጋቱ በፊት የነበረበትን ቦታ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌባው ሻይ ቤቱን ለቆ በአውቶቡስ አዳማ ሊደርስ ይችላል። ሌላም አለ፤ ካርታ ፎቅ አያውቅም። በአያት ወይም በጀሞ ባለ አራት ፎቅ ጋራ መኖሪያ ቤት ላይ ነጥብ ብታርፍ፥ በምድር ቤት ያሉት ሽማግሌ፥ በሁለተኛው ፎቅ ያለችው አራስ፥ በአራተኛው ፎቅ ያሉት ተማሪዎች ሁሉ በእኩል ተጠርጣሪዎች ሆኑ ማለት ነው። ታዲያ ስልክ የጠፋበት ወጣት ጓደኞቹን ሰብስቦ በሩን የሚደበድበው የማንን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ልብሱ ያረጀውን ወይም ለሰፈሩ እንግዳ የሆነውን ነው። ሌባ ሻዩም እንዲህ ያለውን ቤት ይወድ እንደ ነበረ እንጠረጥራለን።

ይህን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ የዴንቨር ከተማ የሆነውን እንንገራችሁ። አንድ የ16 ዓመት ልጅ በድብቅ የጦር መሣሪያ ለመግዛት ሲሞክር ተዘረፈ፤ ስልኩም ተወሰደበት። ልጁ በካርታው ላይ ስልኩን ፈለገ። ነጥቧ ግሪን ቫሊ ራንች በተባለው ሰፈር ከአንድ ቤት ላይ አረፈች። ልጁ ለፖሊስ አላመለከተም፤ ራሱ ለሕገ ወጥ ሥራ ሄዶ ነበርና ማመልከትም አልሆነለትም። ቂም ይዞ ቆየና እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2020፥ ይኸውም በእኛ ሐምሌ 29 ቀን 2012 ዓ.ም.፥ ሌሊት ፊታቸውን ከሸፈኑ ሁለት ጓደኞቹ ጋር ሄዶ ቤቱን በእሳት አያያዘው። በቤቱ ውስጥ ተኝተው የነበሩት ከሴኔጋል የመጡ ስደተኞች ናቸው። አምስት ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱም መካከል አንዲት ድክ ድክ የምትል ሕፃንና አንዲት ገና ዓመት ያልሞላት ጨቅላ ይገኙ ነበር። ሦስት ሰዎች ከፎቅ ዘለው ተረፉ። ከዚያ ቤት ስልኩን የወሰደ ሰው አልነበረም። ልጁ ይህን ያወቀው በማግሥቱ የሟቾቹን ፎቶግራፍ በዜና ሲያይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ፍርድ ቤት የ60 ዓመት እስራት ፈረደበት።

አንባቢ «ይህ የወሮበላ ልጅ ሥራ ነው፤ የተማረ ሰው እንዲህ አያደርግም» ይል ይሆናል። እንግዲያስ በዚያችው በዴንቨር ከተማ የተማሩት ሰዎች ያደረጉትን እንይ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 አንድ የጭነት መኪና ተሰረቀ፤ በውስጡ ስድስት ጠመንጃና ሽጉጥ፥ ገንዘብና አንድ አይፎን ነበሩበት። ባለመኪናው ስልኩን በካርታ ፈልጎ ነጥቧን ለፖሊስ አሳየ። መርማሪው በዚህች ነጥብ ላይ ተመሥርቶ የመበርበሪያ ትእዛዝ አወጣ። የጦር ልብስ የለበሱና ጠመንጃ የታጠቁ ፖሊሶች የከበቡት ቤት የአንዲት የ77 ዓመት ባልቴት ነበር። ሴትዮዋ በቤት ልብሳቸው ወጥተው ቆሙ፤ የጋራዡ በር ተሰበረ፤ ቤቱ ተገለባበጠ፤ ምንም አልተገኘም። በኋላ በክርክሩ እንደ ተገለጠው፥ በነጥቧ ዙሪያ የነበረው ክብ ቢያንስ የስድስት ቤቶችን ይዞታ የነካ ነበር። ከስድስቱ የእሳቸው ቤት ለምን እንደ ተመረጠ የሚያስረዳ ሌላ ማስረጃ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ዳኞች ለሴትዮዋ 3.76 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንዲከፈላቸው ወሰኑ። በእኛ አስተያየት ከገንዘቡ ይልቅ ልብ የሚባለው፥ ፊርማና ማኅተም ያለው ሰው ክቡን ሳያይ መቅረቱ ነው። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ፊርማና ማኅተም የሚይዙት ይህን ገጽ የሚያነቡት ወጣቶች ናቸውና።

በአገራችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ አደጋ አለ። «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ምን ያህል ሰው እንደሚሰበስብ፥ የተሰበሰበውም ሰው ማስረጃ ሳይጠይቅ እጁን እንደሚያነሣ የታወቀ ነው። የጮኸው ሰው ቆይቶ «ተሳስቻለሁ» ቢል የተሰበረ ጥርስ አይመለስም። ስልኩ በገዛ ቦርሳው የውስጥ ኪስ የተገኘለትም ሰው አይጠፋም።

እንግዲህ «ነጥቧን እያየን ዝም ብለን እንቀመጥ ወይ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። አይደለም። የነጥብን ትክክለኛ አገልግሎት የሚያሳይ ከሎንዶን የመጣ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024፥ በፈረንጆቹ የገና ዋዜማ፥ ስልኩ የተሰረቀበት አንድ ሰው በካርታ ሲከታተል ነጥቧ በሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ካለ የዕቃ መጋዘን ላይ ቆመች። ባለስልኩ በር አልሰበረም፤ ለመጋዘኑ ጥበቃ ነገረ። ተፈልጎ ስልኩ ከነሣጥኑ ሲገኝ በዚያው ሣጥን ውስጥ ሌሎች 894 ስልኮች ታሽገው ወደ ሆንግ ኮንግ ሊጫኑ ተዘጋጅተው ነበር። ከዚያ በኋላ ፖሊስ ክሩን ይዞ እየሳበ ሄደ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 የሎንዶን ፖሊስ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ 40 ሺህ የሚደርሱ ስልኮችን ወደ ቻይና ሳያሻግር አልቀረም ተብሎ የሚጠረጠር ቡድን መያዙን አስታወቀ። እዚህም ላይ የሠራችው ያችው ነጥብ ናት፤ ባለቤቱ ግን ጠቋሚ አድርጓት እንጂ ዳኛ አላደረጋትም። ነጥብ ስትታይ ሰዓቱ ጭምር እንዲነበብ ገጹን ፎቶ አንሥቶ፥ ክቡም ሳይቆረጥ፥ ለፖሊስ ማቅረብ ይበቃል።

ከነጥብ ይልቅ ተስፋ የሚጣልበት ነገር ቁልፍ ነው። ይህን ስንል አሳቡ ከራሳችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 አፕል የተሰረቀ ስልክ ያለ ባለቤቱ የይለፍ ቃል ዳግመኛ ሥራ እንዳይጀምር የሚያደርግ መቆለፊያ አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት የካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር ከጁላይ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ተሠርቶ በግዛቱ የሚሸጥ ማንኛውም አዲስ ስማርት ስልክ እንዲህ ያለ መቆለፊያ እንዲኖረው በሕግ አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ በተነገረው መሠረት መቆለፊያው ከወጣ በኋላ በነበረው አንድ ዓመት የአይፎን ስርቆት በሳን ፍራንሲስኮ ከመቶ 40፥ በኒው ዮርክ ከመቶ 25 ቀንሶ ነበር። ይሁን እንጂ ሌባም ትምህርት ቤት አለው። የማይከፈተውን ስልክ ፈትቶ መስተዋቱንና ካሜራውን ለየብቻው መሸጥ ወይም ባሕር ማሻገር ተማረ፤ በሎንዶንም እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ስልኮች ተሰርቀዋል።

ሌባው የተማረው ሌላ ዘዴ ደግሞ በቀጥታ በተስፋ ላይ የተመሠረተ ነው። ስልክህ ከጠፋ ከጥቂት ቀን በኋላ «ስልክዎ ተገኝቷል፤ ያለበትን ለማየት የይለፍ ቃልዎን እዚህ ያስገቡ» የሚል መልእክት ይደርሳል። መልእክቱ ከኩባንያው የመጣ ይመስላል፤ ላኪው ግን የተቆለፈውን ስልክ ይዞ የተቸገረው ሰው ነው። ተስፋ ያሰከረው ባለቤት ቁልፉን በገዛ እጁ ያስረክባል። እንዲሁም «ከሒሳብህ አውጣው» እያለ የሚለምን ወይም የሚዝት ሰው ቢመጣ፥ ስልኩን ከሒሳብ ማውጣት መቆለፊያውን መፍታት መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ቀደም ብሎ ሊደረግ የሚገባው ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ስልኩ በይለፍ ቃል ይቆለፍ፤ የማፈላለጊያው አገልግሎት ይከፈት፤ ፎቶግራፍና ጽሑፍ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ከዚያም ኮከብ፥ መሰላል፥ 06፥ መሰላል ሲጫኑ ስልኩ የራሱን ባለ 15 አኀዝ መለያ ቁጥር ያሳያል፤ ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ ሁለት ቁጥር ይኖረዋል። ይህ ቁጥር ወረቀት ላይ ተጽፎ ከደረሰኙ ጋር ቤት ይቀመጥ። በዚያው ስልክ ውስጥ መመዝገብ የሣጥንን ቁልፍ ከሣጥኑ ውስጥ አድርጎ እንደ መቆለፍ ነው፤ ይህን የሚያደርጉ ግን ብዙዎች ናቸው። ስልኩ የጠፋ ዕለት ደግሞ ካርታ ላይ ከማፍጠጥ በፊት ሲም ካርዱን ማዘጋት፥ ለባንክና ለቴሌብር ማስታወቅ ይቀድማል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆነ በ994 መደወል ነው። የመሥሪያ ቤት ሰነድ በስልኩ ላይ የነበረ ሹምም አፍሮ ከመደበቅ ለአለቃው በዚያው ቀን ቢናገር ይሻላል።

አሁን ወደማይወደድ ነገር እንግባ። የተሰረቀ ስልክ ገዢ ባይኖረው ኖሮ ሌባው ምን ያደርግበት ነበር? ገዢውስ ማን ነው? በምሳ ሰዓት በየቢሮው «በግማሽ ዋጋ አገኘሁት፤ ካርቶን ብቻ ነው የሌለው» ብሎ አዲስ ስልክ የሚያሳይ ወጣት አይጠፋም። ጓደኞቹም «እድለኛ ነህ» ይሉታል። ካርቶኑ ወዴት ሄደ? ደረሰኙስ? ቻርጀሩስ? የሚል ጥያቄ የሚያነሣ ሰው እንደ ምቀኛ ይቆጠራል። ካርቶኑ ግን የት እንዳለ ግልጥ ነው፤ ስልኩ በጠፋበት ተማሪ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ይኸው በግማሽ ዋጋ የገዛው ወጣት በሌላ ቀን የራሱ ስልክ ሲሰረቅበት ስለ ሕዝቡ ሥነ ምግባር መበላሸት ረዥም ንግግር ሲያደርግ ይሰማል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ዕቃ የሚቀበለውንም የሚቀጣ መሆኑን የሕግ ተማሪዎች ያውቁታል፤ ቢያንስ እነሱ ካርቶን ይጠይቁ። አሮጌ ስልክ መግዛት ነውር የለበትም። ሻጩ ደረሰኙን እንዲያሳይ፥ በስልኩ ውስጥ የሚታየው ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር እንዲመሳከር፥ የሻጩም ሒሳብ በገዢው ፊት እንዲወጣ ማድረግ ግን የገዢው ግዴታ ነው። ይህን እምቢ ያለ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

የቀረን ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሰው፥ ወድቆ ያገኘው ነው። የጠፋ ስልክ ሁሉ አልተሰረቀም፤ ከታክሲ ወንበር ላይ የተንሸራተተ፥ ከካፌ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ብዙ ነው። በጃፓን አገር በየሰፈሩ ትንንሽ የፖሊስ ጣቢያዎች አሉ፤ አንድ ሕፃን እንኳ ሳንቲም ቢያገኝ ወስዶ ያስረክባል። የቶኪዮ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2018 ከጠፉት ስልኮች ከመቶ 83 የሚሆኑትን፥ ይኸውም 130 ሺህ ያህል፥ ለባለቤቶቻቸው መልሷል። ሕጋቸው ዕቃ አግኝቶ ላስረከበ ሰው ከዋጋው ከመቶ 5 እስከ 20 ወሮታ ይፈቅዳል፤ ባለቤቱ በሦስት ወር ካልመጣ ዕቃው ለአግኚው ሊሆን ይችላል። ስልክ ግን የሰው ምስጢር ስላለበት በምንም ምክንያት ለአግኚው አይሰጥም። ጃፓኖች ከሌላ አፈር የተሠሩ ናቸው የሚል ካለ፥ እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣውን ጥናት ይመልከት። ተመራማሪዎች በ40 አገሮች ከ17 ሺህ በላይ የጠፉ የሚመስሉ የኪስ ቦርሳዎችን በባንክ፥ በሆቴልና በመሳሰሉት መሥሪያ ቤቶች ላሉ ሠራተኞች አስረከቡ። ገንዘብ ከሌለባቸው ቦርሳዎች ይልቅ ገንዘብ ያለባቸው ለባለቤቶቻቸው የተመለሱት በብዛት ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህን አልጠበቁም ነበር።

በእኛም አገር ሕጉ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጠፋ ዕቃ ስላገኘ ሰው ግዴታና ስለ ወሮታው ይናገራል። የጎደለው ቦታው ነው። አንድ ገበሬ ወይም አንዲት የጉልት ነጋዴ መንገድ ላይ ስልክ ብታገኝ ወዴት ትውሰደው? ስልኩ ሲጠራ አንሥታ «አግኝቼዋለሁ» ብትል፥ የሚመጣው ባለቤት አመስግኖ ይሄዳል ወይስ ፖሊስ ይዞ መጥቶ «ከየት አመጣሽው?» ይላታል? ይህን ፍርሃት አናቃልለው። ነጥቧን አይቶ በር የሚደበድብ ሰው በበዛ ቁጥር፥ ስልክ ያገኘ ቅን ሰው ዘግቶ ወደ ቱቦ መጣልን ይመርጣል። ሌባ ሻይ ከሌባው ይልቅ መላሹን ያስፈራል።

ስለዚህ ከትንሹ መጀመር ይቻላል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየመጻሕፍት ቤታቸው በር ላይ አንድ የሚቆለፍ መሳቢያና አንድ መዝገብ ቢኖራቸው ወጪው ምንድን ነው? በታክሲ ተራዎች ያሉ ተራ አስከባሪዎች የተረሱ ዕቃዎችን የሚያስረክቡበት አንድ የታወቀ ኪዮስክ ቢሰየም፥ ረዳቱም «የማን ነው?» እያለ ቀኑን ሙሉ ባልዞረ ነበር። መዝገቡ ብዙ አይፈልግም፤ ዕቃው የተገኘበት ቀንና ቦታ፥ ያስረከበው ሰው ስም፥ የተረካቢው ፊርማ። ላስረከበውም ሰው አንድ ቁራጭ ደረሰኝ ይሰጠው፤ ነገ ቢጠየቅ የሚያሳየው። ዕቃው ዘንድ የተቀመጠበት ሰው ስልኩን እንዳይዘጋ ቻርጅ ያድርገው፤ ሲደወልም ያንሣው። «የእኔ ነው» ብሎ የሚመጣው ደግሞ ቀለሙን ወይም የሸፈነውን ፕላስቲክ መናገሩ አይበቃም፤ ከቤቱ ወረቀት ላይ የጻፈውን ባለ 15 አኀዝ ቁጥር ይዞ ይምጣ፤ ስልኩን በመዝገብ ያዡ ፊት በይለፍ ቃሉ ይክፈትና ፈርሞ ይውሰድ።